በአንድ ቀን የወደቁት ሁለት ፊልሞች

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጁን 25 ቀን 1982 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ፊልሞች በአንድ ቀን ወጡ። አንዱ የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» ነው፤ ሌላው የሪድሊ ስኮት «ብሌድ ራነር»። ዛሬ ስለ አስፈሪ ፊልምና ስለ ሳይንስ ልቦለድ የሚያወራ ሰው ሁለቱን ሳይጠራ አያልፍም። ያን ጊዜ ግን ገበያው ፊቱን አዞረባቸው። «ዘ ቲንግ»ንማ ሃያሲዎቹ አብጠለጠሉት። ሕዝቡ ከሁለት ሳምንት በፊት የወጣውን የስፒልበርግን «ኢ.ቲ.» ለማየት ተሰልፎ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። «ኢ.ቲ.»ንም «ዘ ቲንግ»ንም ያወጣው አንድ ስቱዲዮ ነው፤ ዩኒቨርሳል። «ኢ.ቲ.» የፈጀው 10 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ ሲሆን «ዘ ቲንግ» 15 ሚሊዮን ነው። የዘመኑን ትልቁን ገበያ ያገኘው ፊልም ከወደቀው ባነሰ ገንዘብ ነበር የተሠራው! ስቱዲዮው የትኛው እንደሚሳካለት አያውቅም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ሠራ።

«ብሎክበስተር ጥሩ ፊልምን ገደለ» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እኔ በግማሹ ነው የምስማማው። ለምን እንደሆነ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

በ1942 አር.ኬ.ኦ. የሚባለው ስቱዲዮ በኦርሰን ዌልስ ፊልሞች ገንዘብ ከስሮ ነበር። ቫል ሉተን የተባለ ፕሮዲውሰር ቀጠረና ርካሽ አስፈሪ ፊልሞች እንዲሠራ አዘዘው። ወጪው ከ150 ሺህ ዶላር እንዳይበልጥ፣ ርዝመቱ ከ75 ደቂቃ እንዳያልፍ፣ ርዕሱን ደግሞ አለቆቹ እንዲያወጡለት። ከዚያ ውጪ የፈለገውን ይሥራ። የመጀመሪያው ርዕስ «ካት ፒፕል» ሆኖ ተሰጠው። ቀልድ የሚመስል ርዕስ ነው። ሉተንና ዳይሬክተሩ ዣክ ቱርኔር ግን አውሬውን በአብዛኛው ጥላ ውስጥ ደበቁት። በፊልሙ የምናየው ደረጃ እንኳን ለዌልስ ፊልም ተሠርቶ የተረፈ ነው። አንዲት ሴት በምሽት ብቻዋን ትሄዳለች፤ የጫማዋ ኮቴ ይሰማል፤ ዝም ይላል፤ ድንገት አንድ አውቶቡስ እየጮኸ አጠገቧ ይቆማል። በዚያች ቅጽበት ከወንበሩ ያልዘለለ ተመልካች ያለ አይመስለኝም። ዛሬ የምታዩት አስፈሪ ፊልም ሁሉ ይህን ዘዴ እየደጋገመው ነው።

ሉተን ተሰጥኦ ነበረው፤ እሱ አያከራክርም። ግን ማንም አላስቸገረውም። አለቆቹ የሚያስጨንቃቸው ሌላው ትልቁ ፊልም ነበር። በዚያን ዘመን ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የራሳቸው ሲኒማ ቤቶች ነበሯቸው፤ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ስለሚታይም ለሁለተኛው ቦታ ርካሽ ፊልም ያለማቋረጥ ያስፈልጋቸው ነበር። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓራማውንት ጉዳይ ሲፈርድ ይህ አሠራር መፍረስ ጀመረ። ርካሹ ፊልም እየቆየ ወደ ትናንሽ ኩባንያዎች ተሰደደ።

ከዚያ 1975 መጣ። ሰው የሚበላ ዓሣ ታሪክ፣ በትክክል የሉተን ዓይነት ርካሽ ርዕስ፣ የትልቅ ፊልም ገንዘብ ተሰጠው። «ጆውስ» በ55 ቀን ሊቀረጽ ታስቦ 159 ቀን ፈጀ። ሰው ሠራሹ ሻርክ ባሕር ሲገባ በየጊዜው ይበላሽ ስለነበር ስፒልበርግ ዓሣውን ለመደበቅ ተገደደ። ፊልሙን ፊልም ያደረገውም ይኸው ነው። ትምህርቱ የሉተን ነበር። ስቱዲዮዎቹ የወሰዱት ትምህርት ግን ሌላ ነው፦ በበጋ አውጣ፣ ቴሌቪዥኑን በማስታወቂያ አጥለቅልቀው፣ በአንድ ቀን በ409 ሲኒማ ቤቶች ክፈት።

ቢሆንም ለተወሰኑ ዓመታት ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ኖሩ። ትልቁ ፊልም ትርፉን ያስገባል፣ መካከለኛው ዕድሉን ይሞክራል። ለወደቀው ደግሞ ቪዲዮ ካሴት ነበረለት። «ዘ ቲንግ»ን እኔ ያየሁት ሰፈራችን በነበረ ቪዲዮ ቤት ነው። ባለቤቱ በካርቶን ላይ በማርከር «የበረዶው ሰይጣን» ብሎ ጽፎ በር ላይ ሰቅሎት ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን ያየነው ልጆች ፊልሙ አሜሪካ እንደከሰረ የነገረን የለም። ካሴቱ ላይ አልተጻፈም። ለሳምንት ውሻ አይተን ስንሸሽ ሰነበትን (ፊልሙን ያያችሁ ምክንያቱ ይገባችኋል)።

የምስማማበት ግማሽ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የጭራቅና የጠፈር ታሪክ ከምድር ቤት ወጥቶ የቤቱ ጌታ ሲሆን መውደቅ ተከለከለ። በ2012 ዲዝኒ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ «ጆን ካርተር»ን ሠራ፤ ከሰረ። ኩባንያው 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ኪሳራ እንደሚመዘግብ አስታወቀ፣ የስቱዲዮው ኃላፊም ሥራቸውን ለቀቁ። እንዲህ ያለ ውድቀት ያየ አለቃ ነገ አዲስ ታሪክ ይዞ ለሚመጣ ጸሐፊ በሩን የሚከፍት አይመስለኝም። በዚያው ዓመት ዲዝኒ ሉካስፊልምን ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛ። ስሙ የታወቀ ነገር መግዛት አዲስ ከመሞከር ይቀላል። ይህ ስግብግብነት ብቻ አይደለም፤ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ሳላደርገው አልቀርም።

አስፈሪ ፊልም ግን በብዙ ገንዘብ ካልተሠራ የማይባልለት ዘውግ ስላልሆነ ተረፈ። በ2017 የጆርዳን ፒል «ጌት አውት» በ4 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ተሠርቶ ከ250 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ያከፋፈለው ይኸው ዩኒቨርሳል ነው። ፕሮዲውስ ያደረገው ብለምሃውስ የሚሠራበት መንገድም የአር.ኬ.ኦ. ትእዛዝ ነው ማለት ይቻላል፦ ገንዘቡ ትንሽ፣ ነፃነቱ ሰፊ። የካውቦይ ፊልም፣ የወንጀል ፊልም፣ ያለ ዝነኛ ስም የመጣ የጠፈር ታሪክ ይህን ዕድል እምብዛም አላገኙም።

ዲዝኒ በ2019 ፎክስን በ71 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲገዛ «ኤልየን»ን፣ «ፕሬደተር»ን፣ «ዳይ ሃርድ»ን የሠራው ቤት ነው የተጠቃለለው። ከሦስት ዓመት በኋላ የ«ፕሬደተር» ተከታይ የሆነው «ፕሬይ» ወጣ። በ1719 የምትኖር አንዲት የኮማንቼ ወጣት ጭራቁን በቀስትና በመጥረቢያ ትገጥመዋለች። ንግግር ትንሽ፣ ሣሩና ጫካው ብዙ። ከተከታታዮቹ ሁሉ የተሻለው ነው ባይ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ግን ሲኒማ ቤት አልገባም፤ በቀጥታ ሁሉ በሚባለው የክፍያ መድረክ ተለቀቀ። እኔ ያየሁት እዚሁ ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው በሁለት ከፍሎ ከጫነው ኮፒ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ድምፁ ከምስሉ ይቀድማል።