ቆርኪ፣ ሽቦና ሰልባጅ፦ የ1980ዎቹ ልጅነት በሺሺንዳ መንገድ

በከፋ፣ ከቦንጋ ተነስቶ ወደ ሚዛን የሚዘልቀው መንገድ ሺሺንዳን አቋርጦ ያልፋል። በ1980ዎቹ እዚያ መንገድ ዳር ያደገ ልጅ ዛሬ አርባ ዓመቱን የረገጠ፣ የራሱን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ሰው ነው። ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ፊቱ የሚበራው የሽቦ መኪናውን፣ ኪሱን ሞልቶ ሲንኳኳ የነበረውን ቆርኪና ለመስቀል የተገዛለትን ሰልባጅ ሱሪ ሲያነሳ ነው። ይህ ጽሑፍ ያን ትዝታ እንደ ታሪክ ማስረጃ ለመመርመር ይሞክራል። ትዝታ ለታሪክ ጸሐፊ ምስክር ነውና እንደ ማንኛውም ምስክር ይጠየቃል፦ መቼ? የት? ዕቃው ከምን ተሠራ? ከየትስ መጣ?

መጀመሪያ የሚያሳስተው ዘመኑ ራሱ ነው። በአማርኛ «የሰማንያዎቹ ልጅ» ስንል ከ1980 እስከ 1989 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ማለታችን ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1987 እስከ 1997 መሆኑ ነው። ሌላው ዓለም «ሰማንያዎቹ» እያለ የሚናፍቀው ዘመን ግን በእኛ ከ1972 እስከ 1982 ዓ.ም. ላይ ይውላል። የሺሺንዳው ልጅ 1980ዎቹ የደርግን የመጨረሻ ዓመታት፣ ደርግ የወደቀበትን የ1983 ግንቦት፣ ርዕሰ ከተማው ጅማ የነበረው የከፋ ክፍለ ሀገር መፍረስና የካፊቾ ሸኪቾ ዞን መቋቋምን በአንድነት የያዙ ናቸው። ልጁ ይህን ሁሉ አላስተዋለም ይሆናል፤ የተጫወተበትና የለበሰው ግን በዚህ ለውጥ ውስጥ አልፎ የመጣ ነው።

ስለ ከፋ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ዩሊዩስ ቢበር በ1905 እ.ኤ.አ. ከፋን ጎብኝቶ ያየውንና የሰማውን በሁለት ቅጽ አሳትሟል፤ አንደኛው በ1920፣ ሁለተኛው በ1923 እ.ኤ.አ. ወጣ። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ከተማረኩ በኋላ የከፋ ዘውድ ከምኒልክ ወደ ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ፣ ከኢልግ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ከዚያም በ1954 እ.ኤ.አ. ተመልሶ ወደ ኢትዮጵያ ያደረገውን ጉዞ መከታተል ይቻላል። ዘውድ የት እንደሄደ ይመዘገባል። አንድ ልጅ ጭቃ ላይ ሲገፋው የዋለ መኪና የት እንደወደቀ ግን ማንም አይጽፍም።

ይህ የከፋ ጉድለት ብቻ አይደለም። የልጆች ጨዋታ በኢትዮጵያ ጥናት ውስጥ ከዳር የቆመ ጉዳይ ነው፤ ያነሱትን ሰዎች ማመስገን የሚገባንም ለዚሁ ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በጉዞው ያያቸውን ጨዋታዎችና መዝናኛዎች ሰብስቦ በ1935 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ አወጣ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ባሳተመው ረጅም ጥናት የገበጣን ዓይነቶች ከየአገሩ ለቅሞ፣ የጉድጓዱን ቁጥርና የጠጠሩን አካሄድ ሳይቀር መዘገበ። ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ደግሞ ዕቃዎቹን በሰው ልጅ የዕድሜ ጉዞ አሰልፏቸው ከልጅነት ይጀምራል፤ ጨዋታም እዚያ ቦታ አግኝቷል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ትኩረታቸው ከአያት ቅድመ አያት በወረደው ጨዋታ ላይ ነው። ልጅ ከወደቀ ዕቃ ራሱ የፈጠረው መጫወቻ፣ ሁልጊዜ አዲስ ስለሆነ፣ «ባህላዊ» የሚል ሚዛን ላይ አይወጣም።

የመንግሥት መዝገብም አይረዳንም። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. የተካሄደው ሁለተኛው ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የካፊቾ ሸኪቾን ነዋሪ በዕድሜ፣ በቋንቋና በሃይማኖት ቆጥሮ አስቀምጦልናል። ልጆቹን ቆጥሯል፤ ምን እንደሚጫወቱ መጠየቅ ሥራው አልነበረም። ስለዚህ ለታሪክ ጸሐፊው የሚቀረው ሰነድ መጫወቻው ራሱ ነው።

እንግዲህ የሽቦ መኪናውን እናንብበው። አካሉ ከአጥር የተፈታ ወይም ከተሰበረ ጃንጥላ የወጣ ሽቦ ነው። ጎማው ካረጀ ነጠላ ጫማ በክብ የተቆረጠ ሶል ነው፤ እሱ ከታጣ ቆርኪ ይተካዋል። መሪው ቁመት ያለው እንጨት ወይም ወፍራም ሽቦ ሆኖ ጫፉ ላይ ክብ ይሠራለታል፤ ልጁ ቀጥ ብሎ እየሮጠ ያሽከረክረዋል። መጫወቻው ዝም ብሎ «መኪና» አልነበረም። የጭነት መኪና ነው፤ የጭነት መኪናም ዓይነት አለው። አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነው ኤንትሬ፣ ማለትም የኢጣሊያው ፊያት 682 ኤን 3፣ ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ መንገድ ላይ የገነነ ነበር። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ዚልና ኡራል ተጨመሩ፤ ከዚያም ቀለል ያሉት አይሱዙዎች በዙ። ልጅ የሚሠራው ያየውን ነው። የሽቦው ፊት ጠፍጣፋ ይሁን ሾጣጣ፣ ተሳቢ ይኑረው አይኑረው፣ ኋላው ላይ ለጎማ መለወጫ ቦታ ይኑረው አይኑረው፣ ሁሉም በዚያ መንገድ ላይ ምን ዓይነት መኪና ቡና ይጭን እንደነበር ይነግረናል። እኔ በበኩሌ አንድ በጥንቃቄ የተሠራ የሽቦ መኪና ከብዙ የጽሕፈት ቤት ሪፖርት የበለጠ ታማኝ ምስክር ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሠራው ልጅ ሊያሳምነው የፈለገው አለቃ አልነበረበትምና።

ቋንቋውም ይመሰክራል። ልጆች በእንጨት እየመቱ ቁልቁል የሚነዱት የብረት ክብ ቸርኬ ነው። ለወንጭፍ የሚቆረጠው ላስቲክ ካላማዳሪ ነው። ቸርኬ፣ ካላማዳሪ፣ ጎማ፣ ሦስቱም ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ የጋራዥ ቃላት ናቸው። መኪና፣ መንገድና መካኒክ ባልደረሱበት ቦታ እነዚህ ቃላት በልጅ አፍ አይገቡም። ከነሱ አጠገብ ግን ሌላ፣ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ንብርብር አለ፦ ከደረቀ የኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በቃጫ የታሰረ ኳስ፣ መሬት ላይ ተቆፍሮ በጠጠር የሚሞላ ገበጣ፣ ከሸምበቆ የተቆረጠ ዋሽንት። የኮባውን ኳስ ዕድሜ በዓመት መለካት አይቻልም። ከፋ እንሰትን ካወቀችበት ጊዜ ጀምሮ የትኛውም ልጅ ሊጠቀልለው ይችል ነበር። ቆርኪው ግን ቀን አለው። ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ላይ መታሸግ የጀመረው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ የለስላሳ ቆርኪ ጠፍጥፎ፣ በሁለት ቀዳዳ ክር አሳልፎ እያሽከረከረ የሚያስጮህ ልጅ ከአያቱ የወረሰውን ጨዋታ ይጫወታል ማለት አስቸጋሪ ነው፤ አያቱ በልጅነቱ የለስላሳ ቆርኪ የት አግኝቶ? በአንድ የሺሺንዳ ልጅ ኪስ ውስጥ ቆርኪውና የቡና ፍሬው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁለት ዘመን ተገናኝቷል።

የሴቶቹ ልጆች መጫወቻ ከዚህም የባሰ ከመዝገብ የራቀ ነው። የበቆሎ እሸት ሲደርስ ጸጉሩን እንደ ሰው ጸጉር ሹሩባ መሥራት፣ እሸቷን በጨርቅ ጠቅልሎ ማዘል፣ በእቃቃ ጨዋታ ቅጠል ከትፎ «ቆጮ» ማቅረብ፣ በቅልብልቦሽ አምስት ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ በእጅ ጀርባ መቀበል፣ ሱዚ መዝለል። የበቆሎዋ አሻንጉሊት ዕድሜዋ ሦስት ቀን ነው፤ ትጠወልጋለች፤ ለሙዚየም አትደርስም። የወንዱ መኪና ሽቦ ስለሆነ ቢያንስ ይዝጋል እንጂ አይበሰብስም። በዚህ ምክንያት ብቻ የልጃገረዶቹ ልጅነት ከታሪክ እንዲወጣ መፍቀድ ስህተት ነው። ጠያቂ ካገኘች የአርባ ዓመቷ እናት ሹሩባውን እንዴት እንደሠራችው ዛሬም በእጇ ታሳያለች።

ወደ ልብስ ስንመጣ ሁኔታው ይለያል። ልብስ ጠብ ያስነሳልና መዝገብ ውስጥ ይገባል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የፋሽን ትርኢት የተማሪ ተቃውሞ ገጥሞት ለዘመኑ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ሆነ። በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1968 ታንዛኒያ ውስጥ አጭር ቀሚስን የሚከለክል ዘመቻ ታወጀ። አፍሮ ያጎፈረውና ቤልቦተም የለበሰው ትውልድ ልብሱን ማስታወስ የሚችለው በከፊል ሌሎች ስለተቆጡበት ነው። የሺሺንዳው የ1980ዎቹ ልጅ ኮንጎ ጫማ ወይም ሸራ ሲያደርግ ማንም አልተቆጣም። ስለዚህም ማንም አልጻፈም።

ሆኖም በዙሪያው ያለው መዝገብ ይረዳናል። በከፋ ልብስ በአብዛኛው ይገዛ የነበረው ቡና ሲለቀም ነው። በመስከረም 1985 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ የብርን የምንዛሪ ዋጋ በአንድ የአሜሪካ ዶላር ከ2.07 ወደ 5.00 ብር ለወጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. ክረምት፣ ብራዚል ውስጥ ውርጭ ቡናውን መታውና የዓለም ገበያ ዋጋ ናረ። ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ኪሎ ቡና በብር የሚያወጣው ከፍ አለ። ምን ያህሉ ገበሬው እጅ ገባ፣ ምን ያህሉስ ነጋዴው ጋ ቀረ የሚለው ሌላ ጥናት ነው። የ1987 ዓ.ም. የቡና ወቅት በብዙዎች ትዝታ «የአዲስ ልብስ ዓመት» ሆኖ ቢገኝ ግን አይገርመኝም፤ ፈልጎ ማረጋገጥም ይቻላል።

«አዲስ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙው ልብስ ሰልባጅ ነበር። ለንግድ እንዳይገባ ቢከለከልም በቦንዳ ታስሮ በምሥራቁ በር በኮንትሮባንድ እየገባ፣ እጅ በእጅ እየተሸጠ እስከ ምዕራቡ ጫካ ዳርቻ ይደርስ ነበር። ደረቱ ላይ የማያውቁት አገር ትምህርት ቤት ስም የተጻፈበት ካናቴራ፣ ጉልበቱ የነጣ ጂንስ፣ ትከሻው በስፖንጅ የተነፋ ጃኬት። እዚህ ላይ ነው የዘመን ስህተት የሚፈጠረው። ጃኬቱ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ፋሽን ሆኖ ያበቃው ከዓመታት በፊት ነው፤ ሺሺንዳ ገበያ ላይ ግን ገና መምጣቱ ነው። አንድ ተመራማሪ የዚያን ጊዜ የፎቶ ቤት ሥዕል አግኝቶ በልብሱ ቅርጽ ብቻ ዓመት ቢሰጠው አሥር ዓመት ወደ ኋላ ይሳሳታል። ሌላም አለ። ፎቶ ቤት ውስጥ የሚታየው ኮትና ከረባት የልጁ ላይሆን ይችላል፤ ፎቶ ቤቶች ለደንበኛ የሚያውሱት ልብስ ያስቀምጡ ነበርና። ፎቶው ልጁ የለበሰውን ሳይሆን ሊታይበት የፈለገውን ልብስ ይዞ ሊሆን ይችላል። ይህም ቢሆን ለታሪክ ትልቅ መረጃ ነው፤ ምን እንደሆነ አውቆ ለሚያነበው።

ትዝታ የሚዘነጋውንም መናገር ግዴታ ነው። መጫወቻው ከወደቀ ዕቃ የተሠራው በአብዛኛው ሌላ ስላልነበረ ነው። ልጁ ቡና ይለቅም፣ ከብት ይጠብቅ፣ ውሃ ይቀዳ ነበር፤ ጨዋታው በነዚህ መሐል የተሰረቀ ጊዜ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሜዳው ለሁሉም እኩል አልነበረም። በከፋ የማንጆ ማኅበረሰብ ለረጅም ዘመን ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጥ፣ ደጃፍ አልፎ እንዳይገባ ተገልሎ ኖሯል፤ ይህን የሰው ልጅ ጥናት ባለሙያዎች በሰፊው ጽፈውታል። በቤት ውስጥ ያለ ግድግዳ በልጆች እቃቃ ውስጥም ይሠራል። የውሸት ቆጮ ሲቆረስ ማን ተጠራ፣ ማን ራቅ ብሎ ቆሞ አየ? «የኛ ልጅነት» እያልን ስንጽፍ «እኛ» ውስጥ ያልተጠራው ልጅ ዛሬ ምን እንደሚያስታውስ ሳንጠይቅ የጻፍነው ታሪክ ግማሽ ነው።

ትዝታው በየትኛው ቋንቋና ፊደል ይጻፋል የሚለውም ጥያቄ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካፋ ሞቻ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ በግዕዝ ፊደል የማስተማሪያ መጻሕፍት ታትመውለታል። በኋላ የከፋ ሕዝብ ቋንቋ ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ወደ ትምህርት ቤት ገባ። ስለዚህ ከሺሺንዳ የ1980ዎቹ ልጆች አንዳንዱ ቋንቋውን ያነበበው ከወላጆቹ በተለየ ፊደል ሊሆን ይችላል። ጨዋታዎቹ በካፊኖኖ የነበራቸው ስም በየትኛውም ፊደል ቢሆን አሁን መጻፍ አለበት። ከአማርኛው «ገበጣ» እና «ቅልብልቦሽ» ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጡ ምን ከጥንት እንደነበረ፣ ምን በመንገዱ እንደመጣ ከስሙ ብቻ ይለያል።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቦንጋ ውስጥ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ፤ ቡናውን የጫነውን መኪና በሽቦ የሠሩት ልጆች በአንድ መደርደሪያ ቢወከሉ ከሙዚየሙ ዓላማ የራቀ አይሆንም። ኤድንብራ ከተማ በ1955 እ.ኤ.አ. የልጅነት ሙዚየም ስታቋቁም የተነሳችው ከመሰል ተራ ዕቃዎች ነው። የሽቦ መኪና የሚሠሩ እጆችም ገና አሉ፤ ዛሬ ቢጠየቁ ኤንትሬውን ከአይሱዙው ለይተው ይሠሩታል።

ስለዚህ ሺሺንዳ፣ ቦንጋ፣ ዋቻ ወይም በዚያ መንገድ ዳር ያደጋችሁ፦ ሣጥናችሁ ውስጥ የ1980ዎቹ ፎቶ ካለ ዛሬ አውጡት። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ዓመቱን፣ ቦታውን፣ ልብሱ ከየት እንደተገዛና የማን እንደነበረ ጻፉበት።