ነገረ አውቶሞቢል በጎልቦ

ከሞያሌ ኮረብታ ሥር ወደ ደቡብ የሚዘረጋው፣ ጎልቦ የተባለው ቆላ፣ ቦረናው ከብቱን፣ ገብራው ግመሉን ሲያሰማራበት የኖረ፣ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ጎማ የሚውጥ፣ ሲደርቅም አቧራው ዐይን የማያስገልጥ አገር በመሆኑ፣ በአውቶሞቢል ታሪክ ውስጥ ስፍራ ይኖረዋል ብሎ የሚገምት ሰው አይበዛም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ሰዎች በየቤታቸው ጋራዥ አሮጌ ፎርድና ሸቭሮሌት አስገብተው፣ አንዱ ወገን «ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሆኖ ይታደስ»፣ ሌላው ወገን «ለባለቤቱ እንደሚስማማ ይለወጥ» እያሉ የሚከራከሩበትን ነገር ስናጤን፣ በዚህ ጠረፍ ጉዳዩ ክርክር ሳያስፈልገው ቀድሞ ያለቀ መሆኑን እንረዳለን፤ የአሜሪካ መኪና ወደዚህ ምድር ሲመጣ ገና ከመጀመሪያው ግማሹ በባዕድ ፋብሪካ፣ ግማሹ በአገሬው እጅ የተሠራ ነበርና።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ አስነሥቶ፣ በረሓውንና ዳገቱን አልፎ፣ ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ እንዳሳያቸው የታወቀ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱና በብሪታንያ መንግሥት መካከል የደቡቡ ወሰን ውል ተፈረመ፤ በዚህም ውል ጎልቦ ከወሰኑ በስተደቡብ፣ በእንግሊዝ እጅ ቀረ። እንግዲህ መኪና ወደ መናገሻ ከተማችን በገባችበት ዓመት መኪና የሚቆምበት ኬላ በሞያሌ ላይ ተወለደ ብንል ነገር ማጋነን አይሆንብንም።

ከዚያ በኋላ ከናይሮቢ ወደ ሰሜን የመጣው መኪና አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካ ነበረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የእንግሊዝ መኪና ለተጠረገ ጎዳና የተሠራ፣ ሆዱ ወደ መሬት የቀረበ ሲሆን፣ የአሜሪካው ግን የራሱ አገር ገበሬ በጭቃ መንገድ እንዲነዳው ታስቦ ከመሬት ከፍ ያለና ጉልበቱ የበረታ ነበር። ገዢውም ብዙ ጊዜ የሚገዛው ሻንሲውንና ሞተሩን ብቻ ነበረ፤ አካሉን የሚያለብሱት ከምድር ባቡሩ ሥራ ጋር ወደ ኬንያ የገቡት ሕንዳውያን አናጢዎችና ብረት ሠሪዎች ነበሩ። ከኋላ የእንጨት ሣጥን ይገጥሙለታል፣ በላዩ ሸራ ይዘረጉለታል፣ የውኃ በርሜልና የቤንዚን ቆርቆሮ የሚቀመጥበትን ስፍራ ያበጁለታል። ቦክስ ቦዲ ይባል የነበረው ይህ መኪና በእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ የኬንያ ገጠር መለያ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ አንዱን አግኝቶ «እንደ ጥንቱ ላድሰው» የሚል ሰው የትኛውን ጥንት ይከተል? የዲትሮይቱን ፋብሪካ ቢከተል፣ ያ አካል በዲትሮይት ታስቦም አያውቅም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የእንግሊዝ ግዛቶች እርስ በርሳቸው ለሚለዋወጡት ዕቃ ቀረጥ ያቀልሉ ስለ ነበረ፣ መሪው በቀኝ የሆነው «የአሜሪካ» መኪና ብዙ ጊዜ የሚሠራው በካናዳ ነበረ።

ከሁሉ ይልቅ አሜሪካዊውን ሞተር ከጎልቦ ትቢያ ጋር ያስተዋወቀው ግን ጦርነቱ ነው። በሐምሌ 1932 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የኬንያውን ሞያሌ ከበባ አድርጎ ከያዘ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት የአንደኛው የደቡብ አፍሪካ ክፍለ ጦር ከማርሳቢት ተነሥቶ የጨልቢን በረሓ በካሚዮንና በብረት ለበስ መኪና አቋርጦ ወደ ኢትዮጵያ ምድር ገባ፤ የካቲት 11 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ይኸውም በግራዚያኒ ዘመን አዲስ አበባ ላይ በግፍ የፈሰሰው የሰማዕታት ደም አራተኛ ዓመቱን ሊሞላ በዋዜማው፣ በጉምና በዝናብ መካከል ሜጋ የተባለችውን ከተማ ያዘ፤ ሞያሌም በዚያው ወር ከጠላት እጅ ወጣች። ያ ብረት ለበስ ማርሞን ሄሪንግተን ይባላል። ሻንሲውና ሞተሩ የፎርድ ካሚዮን፣ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረው መሣሪያ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ በእ.ኤ.አ. 1931 የተመሠረተው የማርሞን ሄሪንግተን ኩባንያ ሥራ፣ የብረት ልብሱ በደቡብ አፍሪካ የተበየደ፣ ጠመንጃው የእንግሊዝ ነበረ። ስለዚህ በታላቅ መንግሥት ትእዛዝ የተሠራው የጦር መሣሪያ እንኳ ከየስፍራው ተለቃቅሞ የተገጠመ ነበር፤ የመንደር መካኒክ ከሦስት መኪና አንድ መኪና ቢያወጣ የሚሥቁበት ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነበረ።

በዚያ ሻንሲ ላይ የተቀመጠው ሞተር ፎርድ በእ.ኤ.አ. 1932 ያወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ቪ ኤት ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ሞተር የባለጠጎች መኪና ጌጥ ሆኖ ሲኖር፣ ፎርድ ጠቅላላ አካሉን በአንድ ጊዜ ቀልጦ እንዲፈስ አድርጎ በርካሽ ዋጋ ለተራው ሰው አቀረበው። በካሊፎርኒያ ደረቅ ሐይቆች ላይ መኪናቸውን ከፓራፋንጎና ከኮፋኖ አራቁተው ይሽቀዳደሙ የነበሩት፣ በእ.ኤ.አ. 1937 ማኅበር ያቋቋሙት ወጣቶች በቤታቸው ጋራዥ እየፈቱ ጉልበት የጨመሩለት ይኸው ሞተር ነበረ። እንግዲህ አንዱ ሞተር በአንድ ዘመን በሁለት በረሓ ነበረ፤ በአንደኛው ለጨዋታ፣ በሁለተኛው ለጦርነት።

ለቆላ አገር ግን ይህ ሞተር ከባድ ነውር ነበረበት። የተቃጠለው ጢስ ወደ ውጭ የሚወጣው በሞተሩ አካል ውስጥ፣ በውኃው መተላለፊያ መካከል አልፎ ስለሆነ፣ ውኃው ከሚገባው በላይ ይግላል፤ ቤንዚኑም በፖምፓው ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ሞተሩን ያጠፋዋል። የነጂው መድኃኒት ጨርቅ በውኃ ነክሮ በፖምፓው ላይ መጠምጠም ነበረ፤ የሚጠጣው ውኃ በተመጠነበት አገር ይህ ምን ያህል እንደሚያሳዝን መገመት አያስቸግርም። እንዲህ ያለውን ሞተር ዛሬ በግራር ጥላ ሥር የሚያድስ ሰው በመጀመሪያ የሚታገለው ከሞተሩ ክዳን፣ ከቴስታታው ጋር ነው። ከ1939 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩት በእያንዳንዱ ቴስታታ ላይ 24 ቡሎን ይገኛል፤ ሁሉም ለዓመታት በውኃ ውስጥ ኖሮ ዝጓል፤ የጨከነ እጅ አንዱን ቢሰብር የቶርኖ ቤት ሥራ ይከተላል። ቴስታታው ተነሥቶ ውስጡ ሲታይ፣ በውኃው መንገድ ዝገትና ደለል ተጋግሮ፣ ከሥሩም አካሉ በቀለጠበት ጊዜ በቅርጹ ውስጥ የቀረ የፋብሪካው አሸዋ ይገኛል። ይህን ሽቦ አጥፎ፣ በየቀዳዳው አስገብቶ፣ በትዕግሥት መቆስቆስና ማጠብ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ስለ ቀለሙና ስለ ቸርኬው ማማር ብዙ ሊጨነቅ ይችል ይሆናል፤ ያ አሸዋ ካልወጣ ግን መኪናው የጎልቦን ቀትር አይችለውም።

ከወሰኑ በስተሰሜን ያለው ጥበበ እድ በሌላ መንገድ የመጣ ነው። ከኢጣልያ መውጣት በኋላ በአዲስ አበባና በአስመራ የቀሩት ኢጣልያውያን በከፈቱት ጋራዥ የእኛ ልጆች ላሜራ መቀጥቀጡን፣ ስቱኮ ማልበሱን፣ ባሌስትራ መቀጠሉን ተማሩ፤ ከዚያም በየጠረፉ ተበተኑ። በደቡቡ ወገን ያለው፣ ፈንዲ የሚባለው ባለሙያ ደግሞ የሕንዳውያኑ ደቀ መዝሙር ነው። ሁለቱም ወገን በሞያሌ ቢገናኝም የጎዳናው ሥርዓት ለያያቸው፤ ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. እንደ ኬንያ በግራ ስትነዳ ቆይታ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ስለ ተሻገረች፣ ኬላውን የሚያልፍ ነጂ ሁሉ የመንገዱን ወገን መለወጥ ግዴታው ሆነ።

ይህም ለአሮጌው መኪና አዲስ ፈተና አመጣ። መሪውን ከቀኝ ወደ ግራ ማዞር ላላየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለአንዱ ወገን የተሠራ የመሪ ሣጥን በሌላው ወገን አይገጥም፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሎች በሞተሩና በነጂው መካከል ያለው ላሜራ ተቀዶ ይዛወራሉ፣ የቤንዚኑ ዘንግ እንደ ገና ይታጠፋል፣ የፍሬኑ ቧንቧ መንገዱን ይለውጣል፣ ዳሽቦርዱም ይገለበጣል። በእኔ አስተያየት እውነተኛው ሞዲፊካ ይህ ነው፤ ቀለም ቀብቶ ሰፊ ጎማ መግጠም ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የዳር ሥራ ነው።

«ይህ ሁሉ ተለውጦ መኪናው ያው ነው ወይ?» ለሚል ጠያቂ መልሱ ከቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ይገኛል፤ ክዳኗ ከሣር ወደ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ከጭቃ ወደ ድንጋይ ቢለወጥ፣ ዓምዶቿም በየትውልዱ ቢታደሱ፣ ታቦቱ እስካለ ድረስ ያቺው ቅድስት ማርያም ናት እንጂ ሌላ አትባልም። የአሮጌው ፎርድ ቁጥርም በሻንሲው ብረት ላይ ተመትቶ ይገኛልና፣ ሞተሩ ቢለወጥ፣ አካሉ ቢለወጥ፣ መሪው ቢዞር፣ ያ ብረት እስካልተቆረጠ ድረስ ስሙን እንደ ያዘ ይኖራል። «እንደ ፋብሪካው ካልሆነ ዋጋ የለውም» የሚሉት የባሕር ማዶ ሊቃውንት የሚያከብሩት የመጀመሪያዋን ቀን ብቻ ነው፤ በሕንዳዊው አናጢ የተገጠመውን ሣጥን ጥሎ በምትኩ አዲስ የዲትሮይት ላሜራ ማልበስ ማደስ ሳይሆን ታሪክ መፋቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን በኬንያ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ለብሷል፤ በ2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች የጋራ ኬላም በሞያሌ ተመርቋል። መንገዱ በተከፈተበት ዘመን ግን የአሮጌ መኪና በር ተዘጋ፤ የኬንያ ደንብ በጠቅላላው ከ8 ዓመት ያለፈው መኪና እንዳይገባ ሲከለክል፣ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች። ስለዚህ አሮጌ ፎርድ የሚሻ ሰው ቀድሞ የገባውን ከየግቢው ፈልጎ ከማንሣት በቀር ሌላ መንገድ የለውም፤ የቴስታታውን ጓርኒሲዮንና የውኃ ፖምፓውን ግን በአሜሪካ እስከ ዛሬ አዲስ ስለሚሠሩለት፣ ዋጋውንና ቀረጡን ከቻለ አስመጥቶ ሥራውን ሊጀምር ይችላል።