ፖሊስና ሽፍታ፦ የአንድ ዋሻ ስም

በምዕራባውያን ልብ ወለድና ፊልም ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ታሪክ አለ። በመጪው ክፉ ዘመን አካላቸው በከፊል ማሽን የሆነ ወንጀለኞች ይነሣሉ፤ እነሱን የሚያድን የተመረጠ የፖሊስ ጓድ ይላካል። አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ «በእኛስ ታሪክ የዚህ አምሳያ ይገኛል ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ስለ ሌባሻይ፣ መድኃኒት ጠጥቶ ሌባ ፍለጋ ስለሚነዳው ልጅ፣ ነግሬው አለፍኩ። ክፍሉ ሣቀ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልሴ ቀለለኝ። መናገር የነበረብኝ ስለ ዘመሮ አገር ነበር፤ ስለ መንዝ ቀያ።

እንደሚታወቀው፣ ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የከተማይቱ ፖሊስ አዛዥ ባላምባራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። ሕግ አስከባሪው ወደ ሸዋ ደጋ ወጡና በአዲሱ ገዥ መዝገብ ዓመፀኛ ተባሉ። ልብ በሉ፤ ሰውየው ያው ናቸው፤ ጠመንጃውም ያው ነው። የተለወጠው ስም ሰጪው ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አበጀ በለው የሚያውቅ አንባቢ ይህ አይገርመውም። በአማርኛ «ሸፈተ» ማለት ሁልጊዜ «ዘረፈ» ማለት አይደለም፤ ፍትሕ የተነፈገ ሰው የሚሄድበትም መንገድ ነው።

በ1931 ዓ.ም. መጋቢት ማለቂያ ላይ የአበበ አረጋይ ጦር ጓዝ፣ ማለትም ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ከታጣቂዎች ጋር ሆነው፣ ጠላት ሲከታተላቸው በቀያ ወደሚገኘው የዘረት ዋሻ ገቡ። ዋሻው ከገደል ሥር ስለሆነ በተራ ጦር የሚደፈር አልነበረም። ስለዚህ ልዩ ጓድ ተላከ፤ ከግራናቲየሪ ዲ ሳቮያ ክፍለ ጦር የመጣ የኬሚካል ምድብ። የሰናፍጭ ጋዝ ይዞ ነበር፤ መድፈኞችም የአርሲን መርዝ ያለበት ጥይት ተኮሱ። በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ የመርዝ ጋዝ በጦርነት እንዳይሠራበት የሚከለክለውን ስምምነት ከፈረሙት መንግሥታት አንዷ ኢጣሊያ ነበረች። ጥቃቱ ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ቀን ቆየ። ባሕረ ሐሳብ ለሚቆጥር፣ የዚያ ዓመት ሚያዝያ 1 ፋሲካ ነበር።

ተሾመ ሽንቁጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ሰብረው ወጡ። የቀሩት እጃቸውን ሰጡ። የጦሩን ሰነዶች መርምሮ ጉዳዩን በ1998 ዓ.ም. ለሕዝብ የገለጸው ኢጣሊያዊው የታሪክ ምሁር ማቴዎ ዶሚኒዮኒ፣ 800 ያህል ወንዶች በገደሉ አፋፍ እንደተረሸኑ ጽፏል። በኋላ የእስፓኝና የኢትዮጵያ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ዋሻውን አጥንተው የእህል ማስቀመጫ፣ የሸክላ ስብርባሪ፣ የጥይት ቀለሃና የሰው አጥንት አገኙ። እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ የእህል ማስቀመጫው ነው። ሽሽት ላይ ያለ ወንበዴ ጎተራ አይሠራም፤ ጎተራ የሚሠራው ቤተሰብ ይዞ የሰፈረ ነው።

እንግዲህ የተማሪዬን ጥያቄ መልሼ ሳየው፣ በፊልሙ ውስጥ ማሽን የለበሰው ወንጀለኛው ነው፤ ሥጋ ለባሹ ፖሊስ ነው። በዘረት ግን መርዙም፣ መድፉም፣ አውሮፕላኑም በ«ሕግ አስከባሪው» እጅ ነበር። «ወንጀለኛው» አሮጌ ጠመንጃና ማሰሮ ነበረው። ልብ ወለዱ ሚናውን የሚገለብጠው ለምን እንደሆነ ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ፤ ጸሐፊው ከየትኛው ወገን ሆኖ እንደሚፈራ ማየት ግን ለመነሻ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋሻውን ያገሩ ሰው «የዓመፀኛ ዋሻ» ይለዋል። የጠላት መዝገብ ቃልም ይኸው ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ስሙ ስድብ ስለሆነ «የአርበኞች ዋሻ» ይባል ይላሉ። እኔ አልስማማም። የመንዝ ሰው ቃሉን ስድብነቱ ሳይገባው የያዘው አይመስለኝም፤ ያመፁት በማን ላይ እንደሆነ ያውቃልና፣ ቃሉን ከከሳሹ አፍ ነጥቆ ለዋሻው የሰጠው ነው የምመስለኝ።