መሠረቱን ማን ያየዋል?

የጎንደር ታሪክ ሲነሣ ሁላችንም ቀና እንላለን። ግንቡን እናደንቃለን፤ የነገሥታቱን ስም በተራ እንደረድራለን። ሕንፃ የሚቆምበትን መሬት ግን ማን ጎንበስ ብሎ አየው? እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ጎንበስ ልንል ነው። የምንነሣውም ከጎንደር በስተምዕራብ፣ በመተማ መንገድ ላይ ካለችው የጭልጋዋ አይከል ነው።

በአይከል ዙሪያ ዝቅ ባለው ሜዳ ላይ ዋልካ አለ። ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ እግር ይውጣል፤ በጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። በላዩ የተሠራ ቤት እንግዲህ በየዓመቱ አንዴ ወደ ላይ ይገፋል፣ አንዴ ወደ ታች ይሰምጣል ማለት ነው።

የጣልያኗ ቬኒስ ጭቃ ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ ቆማ ዘመናት አሳልፋለች። እንጨቱ ሁልጊዜ ከውሃ በታች ስለሆነና አየር ስለማያገኝ ቶሎ አይበሰብስም። ዋልካ ላይ ግን ይህ ከየት ይመጣል? እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቁበት ምሰሶው ከአፈሩ አፍ ላይ ይበሰብሳል፤ የተረፈውን ምስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ባላገሩ ወይራና ጥድ መረጠ፤ የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ለበለበ፤ ጉድጓዱን በድንጋይ ጠቀጠቀ። በማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣ ገበሬ በቤቱ ዙሪያም ውሃውን መሸኘት አይጠፋውም። ግድግዳው ማገርና የጭድ ጭቃ ስለሆነ መሬቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይለመጣል። ቢሰነጠቅም ክረምቱ ሲወጣ ይመረጋል፣ አለቀ።

ነገሥታቱስ? ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ግንባቸውን ያቆሙት በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ነው። ረግረጉን ሸሹት እንበል። ድንጋዩን ያያያዘው ደግሞ በአባታቸው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1607–1632) የተስፋፋው የኖራ ሥራ ነው። ከቀሃ ውሃ በሚሞላው የጥምቀት ባሕር ውስጥ በድንጋይ ቅስቶች ላይ የቆመውን ቤት ያየ ሰው፣ ግንበኞቹ የውሃን ጠባይ ማወቃቸውን አይጠራጠርም።

እነዚህ ግንበኞች እነማን ነበሩ? ከመካከላቸው ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። በእጃቸው ከተማ ተሠራ፤ እነሱ ግን «ቡዳ» ተባሉ። የንጉሡ ስም በግንቡ ላይ ቀረ፣ የግንበኛው ስም ከኖራው ጋር ተቀበረ። ባላገሩም ያው ነው፤ ዋልካን ያሸነፈበትን ዘዴ የጻፈለት ዜና መዋዕል የለም።

ይህ ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። ዛሬ ከተሞቻችን ከኮረብታው ወደ ሜዳው እየወረዱ ነው። ብሎኬት ደግሞ እንደ ማገር አይለመጥም፤ መሠረቱ ካልጠለቀ ይሰነጠቃል፣ የድሀውም ቁጠባ አብሮ ይሰነጠቃል። መሐንዲሶች ዋልካውን አውጥተው በጠጣር አፈር ይተኩታል፣ ወይም ኖራ ደባልቀው እብጠቱን ይቀንሱታል። ጥሩ ነው። ግን ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ መሬቱ የት ላይ እንደሚከዳ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየመንደሩ አሉ እኮ! ታሪክ እናጠናለን የምንል ሁሉ ደብተራችንን ይዘን፣ ሳያልፉ እንጠይቃቸው።