ካፒታል በንግድ ማኅበርና በኢኮኖሚ ያለው ትርጉም

ካፒታል የሚለው ቃል በንግድ ሕግና በኢኮኖሚ የተለያየ ትርጉም ይሰጠዋል። ማኅበር ለማቋቋም ወይም አክሲዮን ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ልዩነቱን አስቀድሞ መረዳቱ ይጠቅመዋል።

የማኅበር ካፒታል

የማኅበር ካፒታል አባላት በገንዘብ ወይም በዓይነት ለማዋጣት ግዴታ የገቡበትና በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ የሚሰፍር የገንዘብ መጠን ነው። በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት የአክሲዮን ማኅበር ካፒታል ከ50,000 ብር፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ካፒታል ደግሞ ከ15,000 ብር ሊያንስ አይችልም። በልዩ ሕግ ለሚመሩ ዘርፎች መነሻው ከዚህ እጅግ ከፍ ይላል፤ ለምሳሌ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች ዝቅተኛውን የተከፈለ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር አድርጎታል።

የተፈረመና የተከፈለ ካፒታል

የተፈረመ ካፒታል አባላት ለመክፈል የፈረሙበት ጠቅላላ መጠን ሲሆን፣ የተከፈለ ካፒታል ከዚሁ ውስጥ በተግባር ገቢ የሆነው ነው። እያንዳንዳቸው 100 ብር ዋጋ ያላቸውን 200 አክሲዮኖች የፈረመ ሰው የ20,000 ብር ግዴታ ይገባል። ሩቡን፣ ማለትም 5,000 ብር ከፍሎ ከሆነ ቀሪው 15,000 ብር ዕዳው ነው። ማኅበሩ ቢከስር እንኳ ይህን ቀሪ ገንዘብ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። ከፈረመው በላይ ግን ለማኅበሩ ዕዳ በግል ንብረቱ አይጠየቅም።

ካፒታልና ሀብት

የተመዘገበ ካፒታል ማኅበሩ አሁን ያለውን ሀብት አያሳይም። የ1 ሚሊዮን ብር ካፒታል ያለው ማኅበር በኪሳራ ምክንያት የተጣራ ሀብቱ 300,000 ብር ሊሆን፣ በትርፍም ከካፒታሉ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አክሲዮን የሚገዛም ሆነ ለማኅበር የሚያበድር ሰው በኦዲተር የተመረመረውን የሂሳብ ሪፖርት ማየት ይኖርበታል።

በኢኮኖሚ

የአንድ አገር የካፒታል ክምችት ሌላ ምርትና አገልግሎት ለማስገኘት የሚውሉ ፋብሪካዎችን፣ ማሽኖችን፣ መንገዶችንና ግድቦችን ያጠቃልላል። በየዓመቱ በአዲስ ኢንቨስትመንት ይጨምራል፤ በእርጅና ደግሞ ይቀንሳል። አንድ ሰው አክሲዮኑን ለሌላ ሰው ሲሸጥ ባለቤቱ ከመለወጡ በቀር የአገሪቱ የካፒታል ክምችት አያድግም። ማኅበሩ በሰበሰበው ገንዘብ አዲስ ማሽን ሲተክል ግን ያድጋል።