ታንከሩ ሞልቶ ፓምፑ ለምን አልቆም አለ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከሉማሜ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ጉድ ገጥሞኛል!» የውሃ ታንከሩ ሞልቶ ፍሎት ስዊቹ ይቆርጣል፤ ፓምፑ ግን ወይ ፍንክች። ሪሌዩን ቀይሯል፣ ፍሎቱን ቀይሯል፣ ያው ነው። «የፍሎቱ ሽቦ በየት በኩል ነው የሚሄደው?» ስለው ትንሽ ዝም አለ። ለጥበቃ ቤቱ መብራት ከሚወስደው መስመር ጋር በአንድ ቱቦ፣ 300 ሜትር ያህል!

ክፍል ውስጥ ስንቴ ተናግሬ ነበር። ግን እሱን ብቻ አልወቅስም። አንጋፋዎቹ ኤሌክትሪሽያኖች «እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ አብረን ስንጎትት ምን ሆነ?» ብለውታል። አልዋሹም። ነገሩ ታሪክ አለው።

ኤሲ ከሚሄድበት ሽቦ ጎን የተኛ ሽቦ፣ ሳይነካው፣ ቮልቴጅ ይወርሳል። ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 አንዱ ሽቦ ላይ የሚለዋወጥ ከረንት ሌላው ላይ ከረንት እንደሚፈጥር አሳይቶ ነበር። መከራውን ቀድሞ ያየው ግን ፋብሪካ ሳይሆን ስልክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስልኮች አንድ ሽቦ ብቻ ነበራቸው፤ መመለሻው መሬት ነው። በውጭ ከተሞች የኤሌክትሪክ መብራትና ትራም ሲመጣ ስልኩ ይጮህ ጀመር። ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ሁለት ሽቦ አጠማዞ መዘርጋትን ፓተንት አስመዘገበ፤ ረብሻው ሁለቱንም እኩል ስለሚያገኛቸው ይጣፋል። ዛሬ የኔትወርክ ገመድ ስትልጡ የምታዩት ጥምዝ እሱ ነው።

እኛ ጋ ይህ ችግር ቶሎ አልመጣም። በምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው የስልክ ሽቦ የሚረብሸው ጎረቤት አልነበረውም። የአባ ሳሙኤል ግድብ እንኳን ኃይል ማመንጨት የጀመረው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሲከፈት (እ.ኤ.አ. 1961)፣ ጢስ ዓባይም ከ3 ዓመት በኋላ ሲመጣ፣ በየትኛውም ዓለም የፋብሪካ ፓኔል ማለት ትልልቅ ኮንታክተርና ሪሌይ ነበር። የእነዚያ ኮይል ሆዳም ነው፤ ከጎረቤት ሽቦ በሚወረስ ጥቂት ሚሊ አምፕ ተይዞ አይቀርም። አንጋፋዎቹ የተማሩት በዚህ ዕቃ ነው፤ ልማዱ ያኔ አልጎዳቸውም።

ዕቃው ግን ተለወጠ። የአሁኗ ትንሽ ሪሌይ አንዴ ከሳበች በ2 ሚሊ አምፕ ሳትለቅ ልትቆይ ትችላለች። የፒኤልሲ ግብዓትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በዚያ ላይ ኢንቨርተር መጣ፤ ሞተሩን የሚነዳው ቮልቴጁን በሴኮንድ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ነው። ስለዚህ የአምራቾች መመሪያ የሞተሩንና የኮንትሮሉን ገመድ ቢያንስ በ20 ሴንቲ ሜትር አራርቁ፣ መሻገር ግድ ከሆነ በ90 ዲግሪ ይሻገሩ ይላል።

ሉማሜ ላይ የፈሰሰው ውሃ ነው። ያ ሽቦ የመጋዝ ወይም የወፍጮ ስቶፕ በተን ቢሆንስ? ተጭነኸው አለመቆሙን የምታውቀው እጅህን ከከተትክ በኋላ ነው።

የሚገርመው፣ ዛሬ መልእክትና ኃይል እንደገና አብረው እየተጓዙ ነው። በከፍተኛ ኃይል ማማዎች ጫፍ ላይ ያለው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ውስጡ ፋይበር ይይዛል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ከኤሌክትሪክ ኃይል ይከራየዋል። ፋይበር መስታወት ነው፤ ከጎረቤቱ ምንም አይወርስም።

ልጁ ግን ያለው መዳብ ነው። ለፍሎቱ ሌላ ቦይ ሊቆፍር ነው፤ ኮንትሮሉንም ወደ 24 ቮልት ዲሲ እንዲቀይረው ነግሬዋለሁ። ሉማሜ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ቅዳሜ አካፋ ይዛችሁ እርዱት።