የኤም.አይ.ቲ. የሴት መምህራን ሪፖርት

የኤም.አይ.ቲ. የሴት መምህራን ሪፖርት፦ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በሳይንስ ትምህርት ክፍሎቹ በሴት ፕሮፌሰሮች ላይ አድልዎ መኖሩን ያመነበት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ሰነድ።

መነሻው የቦታ ጥበት ነበር። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዋ ናንሲ ሆፕኪንስ ለዓሣ ገንዳዎቻቸው ተጨማሪ ቦታ ጠይቀው ሲከለከሉ፣ ማታ ማታ ሜትር ይዘው የባልደረቦቻቸውን ቤተ ሙከራዎች ለኩ። የእርሳቸው ድርሻ ከወንዶቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሌሎች ሴት ፕሮፌሰሮችን ሲያነጋግሩም ተመሳሳይ ብሶት ሰሙ። በ1994 በሳይንስ ፋኩልቲው ቋሚ ሹመት የነበራቸው ወንዶች 194፣ ሴቶች ደግሞ 15 ብቻ ነበሩ።

በዲኑ ሮበርት ቢርጀኖ ድጋፍ የተቋቋመው ኮሚቴ ደመወዝን፣ የቤተ ሙከራ ስፋትን፣ ሽልማትንና የኮሚቴ አባልነትን መረመረ። ጀማሪ መምህራን ብዙም ቅሬታ አልነበራቸውም፤ የመገለል ስሜቱ የሚብሰው በነባሮቹ ዘንድ ነበር። አድልዎው በአመዛኙ እንደ ጾታዊ ትንኮሳ በግልጽ የሚታይ ሳይሆን፣ ማንም ልብ በማይለው ልማድ የተሸፈነ ነበር።

ፕሬዚዳንቱ ቻርልስ ቬስት ግኝቱን በይፋ ተቀበሉ። በ2001 ዘጠኝ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መሪዎች በጉዳዩ ላይ በዚያው ተቋም ተሰብስበው መክረዋል።